ሳይገዙ መጠገን

አናጢውን የሥራ ባልደረቦቹ «ቁጭበል» ነው የሚሉት። ስሙን ያወጡለት እነሱ ቢሆኑም ቃሉ የእናቱ ነው። ገና ዳዴ ማለት ከጀመረበት ቀን አንስታ «አንተ ልጅ፣ ቁጭ በል!» ስትለው ኖራለች፤ ይኸው አርባ ሦስት ዓመት ሞላው፣ ዛሬም አልተቀመጠም። ምሳውን ቆሞ ይበላል። ስልክ ሲያወራ ክፍሉን ይዞራል። ሰው ቤት ተጋብዞ የተቀመጠበት ወንበር ከተነቃነቀ ሻይ እስኪቀርብ እንኳ አይታገስም፤ ወንበሩን ገልብጦ እግሩን ሲያጠብቅ ይገኛል። ሚስት ያጣውም በዚሁ ጠባዩ ነው ይላሉ፤ ለመተጫጨት ቢያንስ አንድ ከሰዓት መቀመጥ ያስፈልጋላ!

እንዲህ ያለው ሰው ነው እንግዲህ ቤት ልግዛ ብሎ የተነሳው።

ያስነሳችው እናቱ ናት። ሁለቱ የሚኖሩት አሳንሰር በሌለው ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ከመንገዱ እስከ በራቸው ሰባ ሁለት ደረጃ አለ። አምና እናቱ ከገበያ ስትመለስ፣ ሁለተኛው ፎቅ ላይ ጉልበቷ ከዳትና ወደቀች። ጎረቤቶች በብርድ ልብስ ጠቅልለው፣ አራት ሆነው፣ አንደኛው «ቀስ! ግድግዳውን እንዳትነኩት!» እያለ ወደ ላይ አወጧት። ለእሷ ከጉልበቷ በላይ ያመማት ይህ የግድግዳው ነገር ነው። «ከእንግዲህ እንደ ቁም ሳጥን ተሸክሞኝ የሚወጣ የሚወርድ የለም፤ ስወርድ በእግሬ ነው» ብላ ማለች። ጉልበት ግን መሐላ አይሰማም። አስራ አንድ ወር አለፈ፤ አልወረደችም።

ሐኪሙ እቤት ድረስ መጥቶ አያት። «በየቀኑ ሜዳ ላይ ቢራመዱ ይድናሉ፤ እዚሁ ከተቀመጡ ግን ጉልበታቸው እንደ ዛገ ማጠፊያ ደርቆ ይቀራል» አለ። ስለ ዛገ ማጠፊያ ለአናጢ ሁለት ጊዜ አይነገረውም። ቁጭበል ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ አልወሰደውም ማለት ይቻላል። እናቱን ያያታል፤ ቀኑን ሙሉ መስኮቱ ላይ ተደፍታ ትውላለች። የሰፈሩን ሰው ከላይ ስለምታየው በመሃል አናቱ ነው የምታውቀው። «ያ በራው ሰውዬ ዛሬ ዘገየ» ትላለች፤ «ያቺ ነጭ ፀጉር ያወጣችው ልጅ ታማለች መሰለኝ፣ አላለፈችም።»

«እማ፣ ደረጃ የሚባል ነገር የሌለው ቤት እገዛልሻለሁ» አላት አንድ ቀን።

«እስቲ መጀመሪያ እራትህን ብላ» አለችው።

ሠላሳ አንድ ቤት አየ። ደላላ ሁሉ «ደረጃ የለውም» ይለዋል፤ ሄዶ ሲያየው ሦስት ደረጃ አለው። «ሦስት ምን አላት?» ይሉታል። «ሰባ ሁለትም በአንድ ነው የሚጀምረው» ብሎ ይመለሳል። ባንኩ በበኩሉ ብድር እንደሚሰጠው የሚገልጽ ደብዳቤ ጽፎለታል፤ ደብዳቤው ግን እስከ ወሩ መጨረሻ ብቻ ነው የሚሠራው። ቁጭበል ደብዳቤውን ደረት ኪሱ ውስጥ ይዞ ስለሚዞር ጠርዙ እያለቀ ነው።

ሠላሳ ሁለተኛውን ቤት ያገኘለት አንድ ባለ ሁለት ስልክ ደላላ ነው። ካርዱ ላይ «የንብረት አማካሪ» ይላል፤ ሰው ግን ደላላ ነው የሚለው፤ እሱም ሳይወድ አቤት ይላል። የታወቀ ድርጅት ውስጥ ነው የሚሠራው፤ ጫማው ያበራል፣ ሽቶው ከእሱ ቀድሞ ይገባል። ሕጉ አንድ ነው፦ ቤት የሚታየው ባለቤቱ በሌለበት ሰዓት ነው።

«ሻጭና ገዢ ፊት ለፊት ከተያዩ ዋጋ ይበላሻል፣ ወንድሜ» አለ። ሻጭና ገዢ ከተያዩ ደላላው ምን ይበላል የሚለውን አልጨመረም። «ባለቤቷ ጡረታ የወጡ መምህርት ናቸው። ባላቸው ከሞቱ ሦስት ዓመት ሆኗቸዋል። በሳምንት ሦስት ቀን ከሰዓት በኋላ የልጅ ልጆቻቸውን ከትምህርት ቤት ለማምጣት ይወጣሉ። ያን ጊዜ እንገባለን።»

ቤቱ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ያለ ዝቅ ያለ የጡብ ቤት ነው። ቁጭበል ገና ሲገባ ውሃ ልኩን ከቦርሳው አውጥቶ ወለሉ ላይ አስተኛው። የወለሉን መስተካከል የምትናገረው አረፋ ሄዳ ሄዳ መሃል ላይ ስትቆም እሱም አብሮ ቆመ፤ ከስንት ጊዜ በኋላ! ከአጥሩ በር እስከ መኝታ ቤቱ፣ ከመኝታ ቤቱ እስከ ጓሮው እግር የሚያስነሳ ነገር የለም። ጓሮው አፈር ነው። አንድ ያረጀ የሎሚ ዛፍ አለ፤ ከበሩ እስከ ዛፉ አስራ ስምንት እርምጃ። እናቱ እዚያ ላይ ስትሄድ፣ ግድግዳውን ይዛ፣ ቀጥሎ ሳትይዝ፣ በዓይኑ ታየችው። ቤቱን ወደደው፤ ወደደው ብቻ ሳይሆን የራሱ አደረገው። ጥፋቱም የጀመረው እዚህ ላይ ነው።

የጓሮው በር ሲከፈት ወለሉን ይፍቃል። ጥርስ የሚያፋጭ ድምፅ አለው። ደላላው በአንዱ ስልክ እያወራ ወደ ውጭ ወጣ። ቁጭበል በሩን አየው፤ የላይኛው ማጠፊያ ብሎኖች ላልተዋል፣ በሩ አንገቱን ደፍቷል። እጁን ኪሱ ከተተ። ከኪሱ አወጣ። ጎንበስ አለ። ካቻቢቴው እንዴት እጁ እንደገባ እሱም አያውቅም። አሮጌዎቹን ብሎኖች በረጃጅም ቀየረ፣ የበሩን ታች በትንሿ መላጊያ ሁለት ሦስት ጊዜ ላጋት፣ ማጠፊያውን ዘይት አጠጣው፣ ፍቅፋቂውን በእጁ ሰብስቦ ኪሱ ከተተ። ሩብ ሰዓት አልፈጀም።

አስተዋይ ሰው ቤት ሊገዛ ሲሄድ ጉድለት ይቆጥራል እንጂ ጉድለት አይሞላም። በር ሲፍቅ «አይ፣ ይሄ በር!» ብሎ ከንፈሩን ይመጥጣል፣ በከንፈር መጠጣው ልክ ዋጋ ያስቀንሳል። ይህን ለቁጭበል የሚነግረው ሰው አልነበረም።

«ምን እየሠራህ ነው?» አለ ደላላው ሲመለስ።

«ምንም።»

ደላላው በሩን በአንድ ጣቱ ገፋ አደረገው። በሩ ኮሽታ ሳያሰማ ሄዶ ተዘጋ። የደላላው ዓይን ብልጭ አለ፤ ግን «ጎበዝ» ብቻ አለ።

በማግስቱ ቁጭበል የዋጋ ማቅረቢያውን ፈርሞ ሰጠ። ከተጠየቀው አንድ አስረኛ ዝቅ አድርጎ ነው ያቀረበው፤ ባንኩ እስከዚያ ድረስ ነው የፈቀደለት። ደላላው «እናያለን፣ ትንሽ ታገስ» አለው። ታገስ! ቁጭበልን ታገስ ማለት ዓሣን ዛፍ ላይ ጠብቀኝ ማለት ነው። ሥራ ቦታ የመሳቢያ መክደኛ አጣሞ ቆረጠ፤ በሃያ ዓመት ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር ሠርቶ አያውቅም። ስልኩን በየደቂቃው ያያል። እቤት ገብቶ ከመስኮት ወደ በር፣ ከበር ወደ መስኮት ይመላለሳል።

«አዞርከኝ እኮ፣ ልጄ!» አለችው እናቱ። «ምን ሆነህ ነው?»

«ደላላው አልደወለም።»

«ደላላ ደህና ሰው የሚሆነው ሳይደውል ነው።» ከዚያ በአገጯ ወደ ወጥ ቤቱ አመለከተች። «ከተንቆራጠጥክ አይቀር የቁም ሳጥኑን በር ሥራልኝ። በአንድ ማጠፊያ ተንጠልጥሎ ዓመቱ ነው። ሸክላ ሠሪ በገል ትበላለች አሉ፤ እኔን ነው መሰለኝ።»

«አሁን የምንለቀውን ቤት ምን ያደርግልሻል?» አላትና መንቆራጠጡን ቀጠለ።

በሦስተኛው ቀን አላስችል ስላለው ደውሎ «የምለካው ነገር አለኝ» አለ። ደላላው በደስታ ቀጠረው፤ ደስታው ነገር እንዳለው ቁጭበል አላሰበም። በዚህ ጊዜ የመኝታ ቤቱን መስኮት አየ። ከማቀፊያው ጋር አይገጥምም፤ በክፍተቱ ነፋስ ይገባል፣ ሲገባም ያፏጫል። አንዳንዴ ፉጨት፣ አንዳንዴ ልቅሶ ይመስላል። ትራሱ አጠገብ ትንንሽ ድቡልቡል የጥጥ ጉጦች ተከምረዋል፤ አይቶ አለፈ። መስኮቱን አወለቀ፣ አስተካከለ፣ ጎማ አለበሰው፣ መልሶ ገጠመው። ነፋሱ ውጭ ቀረ። በሦስተኛው ጉብኝት የመታጠቢያ ቤቱ ቧንቧ ሲንጠባጠብ አገኘው፤ የቧንቧ ሥራ ሙያው እንኳ አይደለም።

ያን ቀን ከመታጠቢያ ቤቱ እጁን እየጠረገ ሲወጣ ኮሪደሩ ላይ አንድ ባልና ሚስት ከደላላው ጋር ቆመዋል። ሴቲቱ የጓሮውን በር ትከፍታለች፣ ትዘጋለች።

«እንዴት ያለ በር ነው! ድምፅ እንኳ የለውም!» አለች።

«ቤቱ በደንብ የተያዘ ነው» አለ ደላላው፣ ወደ ቁጭበል ሳያይ። «መስኮቱን ደግሞ ይዩት።»

ቁጭበል ኮራም፣ ተቃጠለም፤ በአንድ ጊዜ። ማታ ደላላው ደወለ።

«ወንድሜ፣ እኔ ላንተው ነው የማስበው። የዛሬዎቹ ሰዎች የተጠየቀውን ሙሉ ዋጋ ሊከፍሉ ነው። ቤቱን ወደዱት፤ በሩን፣ መስኮቱን...»

«በሩንና መስኮቱንማ...» ብሎ ጀመረና ዋጠው። በገዛ መዶሻው ጣቱን መትቶ ማንን ይከሳል? አዲስ ማቅረቢያ ፈረመ፤ ሙሉውን ዋጋና ከዚያም ትንሽ ከፍ አድርጎ። ባንኩ የማይሸፍነውን የሚሞላው የጠረጴዛ መጋዙን ሸጦ ነው። ያ መጋዝ እንጀራው ነው፤ ግን የእናቱ ጉልበት በየቀኑ እየደረቀ ነው፣ ወሩም አምስት ቀን ቀርቶታል። ለእናቱ ስለ መጋዙ አልነገራትም። ሌሊቱን አልተኛም፤ እሷም አልተኛችም፤ ሁለቱም እንደተኙ ሆነው ነጋ።

ረቡዕ ጠዋት ሥራ ላይ እያለ ስልኩ ጮኸ።

«አልቋል» አለ ደላላው።

«ምኑ? ለእነዚያ ሰጡት?»

«ለማንም! ሴትዮዋ አልሸጥም አሉ። 'ድርጅታችሁ ቤቴን እንዲህ አድርጎ ከጠገነልኝ ምን ፍለጋ እሄዳለሁ፣ እግዜር ይስጥልኝ' ብለው ለቢሮው በሙሉ ኬክ ላኩ። አለቃዬ ኬኩን እየበላ ይጮህብኛል!»

«ድርጅታችሁ? ድርጅታችሁ ምን ጠገነ?»

ደላላው ጉሮሮውን ጠረገ።

«እንግዲህ... በሩን ማን ሠራው ብለው ሲጠይቁኝ የድርጅቱ አገልግሎት ነው ብያቸው ነበር። ምን ልበል? ገዢ ብቻውን ቤትዎ ውስጥ ሲፈታታ ነበር ልበል?» ከዚያ ቁጣው መጣለት። «ደግሞስ ጥፋቱ የማን ሆነና! ቤት እይ ተባልክ እንጂ ጠግን ማን አለህ? ያበላሸኸው እኮ በማስተካከልህ ነው!»

ቁጭበል ስልኩን ዘጋ። ሽርጡን እንኳ አላወለቀም። በእግሩ፣ ግማሹን በሩጫ፣ ቤቱ ጋ ደረሰና የደላላውን ሕግ ጥሶ አንኳኳ።

መምህርቷ ራሳቸው ከፈቱ። ቀጭን፣ መነጽራቸውን በገመድ አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ፣ ሲያዩህ የቤት ሥራህን ያልሠራህ የሚመስልህ ዓይነት ሴት ናቸው። ሽርጡንና የእንጨት አቧራውን አዩ።

«ከድርጅቱ ነህ? ግባ፣ ግባ ልጄ! እናንተን ሳመሰግን ነው የሰነበትኩት።»

ሊናገር ሲል አላስጨረሱትም። ይዘውት ገቡ፣ የጓሮውን በር ከፍተው ዘጉለት። «ባሌ እያለ እሱ ነበር የሚያነሳው፤ በሩን በትከሻው አነሳ አድርጎ ነው የሚከፍተው። እኔ ያን አልችልም። ሦስት ዓመት ጓሮዬን በመስታወት አየሁት። ማታ ማታ ደግሞ ያ መስኮት! ጆሮዬን በጥጥ ደፍኜ እተኛለሁ፤ የት እተኛለሁ፣ እጋደማለሁ እንጂ። ቤቱ 'ውጪልኝ፣ ውጪልኝ' የሚለኝ መሰለኝ። እሺ እወጣለሁ ብዬ ለሽያጭ አወጣሁት። ከዚያ አንድ ቀን ተጋደምኩ፤ ዝም። ስነቃ ፀሐይ ወጥቷል። ሦስት ዓመት ሙሉ ያልተኛሁትን ነው የተኛሁት ልጄ። ታዲያ የምተኛበትን ቤት ለምን እሸጣለሁ?»

ቁጭበል ወደ መውጫው አየ። ዝም ብሎ መውጣት ይችል ነበር፤ ግን ምስጋናው ለዚያ ባለ ሽቶ ሰው ሲሄድ ዝም ማለት አቃተው።

«እኔ ነኝ» አለ። «ድርጅቱ አይደለም። ገዢው እኔ ነኝ። ቤቱን ልገዛ መጥቼ... እጄ አላርፍ ብሎኝ ነው።»

መምህርቷ መነጽራቸውን አደረጉ። «ሳትገዛ ጠገንከው?»

«አዎ።»

«ለማን ነበር ቤቱ?»

ነገራቸው። ሰባ ሁለቱን ደረጃ፣ ብርድ ልብሱን፣ ሐኪሙን፣ አስራ አንዱን ወር፤ ቆሞ፣ እየተንቆራጠጠ፣ እጁን እያሻሸ ነገራቸው። ሲጨርስ መምህርቷ የጓሮውን በር እጀታ ያዙ። እንዲህም አሉ፦

«የሰው ድካም በልቼ አልተኛም። ቤቱ ይገባሃል፤ መጀመሪያ ባቀረብከው ዋጋ እሸጥልሃለሁ። ቅዳሜ መጥተህ እሺ ወይም አይሆንም በለኝ።»

ቃላቸው ቀጥ ያለ ነበር። እጃቸው ግን የበሩን እጀታ አጥብቆ እንደያዘ አልለቀቀም። ቁጭበል እጃቸውን አየ፤ ባያየው ይሻለው ነበር።

ወደ ቤቱ ሲመለስ በደስታ መዝለል የሚገባው ሰው ነው። የፈለገው ተሰጥቶታል፣ መጋዙም ተርፎለታል። ሆኖም ሦስት ጊዜ ቆመ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ሰፈሩን አልፎ ሄደ። ለእናቱ ሁሉንም አወራላት። የኬኩ ጋ ሲደርስ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። የእጀታው ጋ ሲደርስ ሳቋን አቆመች።

«ስንት ዓመት አልተኛሁም አለች?»

«ሦስት።»

«አንተ ምን ልትላት አሰብክ?»

«እኔ እንጃ። እሺ እላለሁ። እሺ ካላልኩ ጉልበትሽ...»

«ጉልበቴን ተወው፣ የኔ ነው። ቅዳሜ አብሬህ እሄዳለሁ።»

«በምን?»

«ተሸክማችሁኝ ነዋ! በምን ልሄድ፣ በክንፌ?»

«ምለሻል እኮ፣ እማ።»

«የማልኩት ለጎረቤቶቹ ነው» አለች። «ሴትዮዋን ግን እኔው ራሴ ላነጋግራት ይገባል። የኔን እግርና የሷን እንቅልፍ አንተና ደላላ ስትደራደሩበት ልቀመጥ?»

ቁጭበል አርብ ሙሉ ቀን አንድ ወንበር ላይ ሁለት ረጃጅም አግዳሚ እንጨት ሲገጥም ዋለ። አደላድሎ፣ ጠርዙን አለስልሶ፣ የእግር ማሳረፊያ አበጅቶ ጨረሰው። ሲጨርስ ደግሞ ፊቱ ከሰል መሰለ፤ ይህን ነገር ለመሥራት አንድ ቀን እንደሚበቃው ያሰበው ያን ጊዜ ነው። አስራ አንድ ወር ሙሉ ግን ቤት ሲያሳድድ ከርሟል።

ቅዳሜ ሦስት የሥራ ባልደረቦቹ መጡ። እናቱ ወንበሩ ላይ እንደ ዳኛ ተቀመጠች፤ ደረጃው እስኪያልቅ ትእዛዟ አልተቋረጠም። «አንተ ወፍራሙ፣ ከኋላ ሁን! ግድግዳውን ብትነኩት ግድ የለኝም፣ እኔን አትንኩኝ እንጂ!» ሁለተኛው ፎቅ ላይ፣ የወደቀችበት ቦታ ሲደርሱ ዝም አለች፤ ሲያልፉት ደግሞ ትእዛዟን ቀጠለች። መንገዱ ላይ ሲያሳርፏት ያ በራው ሰውዬ ያልፍ ነበር። ፊቱን አየችው። «ለካ እንዲህ ያለ ቆንጆ ፊት ነበረው!» አለች ለልጇ ጮክ ብላ፤ ሰውየው ዞሮ እስኪጠፋ ድረስ ማን እንደሆነች ሊያስታውስ እየሞከረ ሄደ።

የጡቡ ቤት በር ላይ ሁለቱ ሴቶች ተያዩ።

«እርስዎ ነዎት?» አለች እናቱ።

«እኔ ነኝ። እርስዎም እሳቸው ነዎት፤ ይግቡ።»

ቁጭበል ተከትሎ ሊገባ አንድ እግሩን አነሳ። መምህርቷ እናቱን ክንዷን ይዘው አስገቡና «አንተ እዚሁ ቆይ» ብለው በሩን ዘጉ። ባልደረቦቹ ወንበሩን አጥሩ ጥግ አስደግፈው «በል ቁጭበል፣ ሲያልቅ ጥራን» ብለው ሄዱ።

ሁለት ሰዓት ቆመ፤ ቆመ ሲባል እንግዲህ የአጥሩን ርዝመት መቶ ጊዜ ያህል ሄደ ማለት ነው። ከውስጥ ምንም አይሰማም። እሺ ብትላትስ? መምህርቷ የት ይሄዳሉ? አይሆንም ብትላትስ? ወሩ ነገ ያልቃል፣ ደብዳቤው ወረቀት ሆኖ ይቀራል፣ ሠላሳ ሦስተኛ ቤት ፍለጋ እንደገና ሊጀመር ነው። ደላላው ደወለ፤ አላነሳም። እንደገና ደወለ። ሽቶው በስልክ የመጣ መሰለውና ስልኩን አጠፋው። ከአጥሩ ቆርቆሮ አንደኛው ተገንጥሎ ነበር፤ በክፍተቱ ወደ ጓሮው አየ።

እናቱ እየሄደች ነው። አንድ እጇ መምህርቷ ክንድ ላይ ነው፤ ሌላው ነፃ ነው፣ እያወራችበት ነው። ሎሚው ጋ ደረሱ፣ ዞሩ፣ ተመለሱ። እንደገና ሄዱ። አስራ ስምንት እርምጃ የለካላት እሱ ነው፤ እሷ ግን በአጭር በአጭሩ ስለምትራመድ ሃያ ስድስት ሆነ። ቁጭበል ቆርቆሮውን ይዞ አለቀሰ። ሰው ያየኛል ብሎ እንኳ አላፈረም።

በሩ ሲከፈት ፊቱን በሽርጡ ጠረገ።

«ገዛን?» አለ።

«ምኑን?» አለች እናቱ።

«ቤቱን!»

«ሰው የሚኖርበት ቤት ይገዛል እንዴ? ባለቤት አለው እኮ!» ወደ መምህርቷ ዞረች። «አንቺ ንገሪው፣ የኔን አይሰማም።»

በሁለት ሰዓት ውስጥ አንቺ ተባብለዋል።

«ጓሮ በኩል ያለችው ክፍል ባዶ ናት» አሉ መምህርቷ። «እናትህ እዚያ ትሆናለች። ኪራዩን እኔና እሷ ተስማምተናል፣ አንተን አያገባህም። ጠዋት ጠዋት እናስኬዳታለን፤ ማለቴ እኔ አስኬዳታለሁ፣ እሷ ደግሞ እኔን ታስወራኛለች።»

ቁጭበል አንዴ አንዷን፣ አንዴ ሌላዋን አየ። ነገሩ ገና እየገባው ነው።

«እኔስ?»

ሴቶቹ ተያዩ። እናቱ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች፤ ልጅ ሳለ መርፌ ሊወጋ ሲል እንዲህ ነበር የምታናግረው።

«የሷ እንቅልፍ ገና መመለሱ ነው፣ ልጄ። ኮሽ ካለ ይበራል። አንተ ደግሞ እጅህ አያርፍም። ንጋት አስራ አንድ ሰዓት ላይ የምትልገውን እኔ ስለለመድኩት ነው የምችለው።» ከዚያ እጁን ያዘችው። «ከሥራ ስትወጣ ብቅ ትላለህ። የትም አልሄድኩም።»

ደስ ብሎታል፣ ከፍቶታልም፤ የትኛው እንደሚበልጥ ለማወቅ ጊዜ ቢሰጡት ጥሩ ነበር። አልሰጡትም። እናቱ «በል፣ ሳይመሽ እቃዬን አምጣልኝ» አለችው።

ሰባ ሁለቱን ደረጃ ብቻውን ወጣ። ከአልጋዋ ሥር ሁለት ሻንጣ አወጣና መሰብሰብ ጀመረ፤ ቀሚሶቿን፣ ወፍራሙን ሹራብ፣ መድኃኒቷን፣ የቤት ጫማዋን፣ መስታወቷን፣ የአባቱን ፎቶ። ግማሽ ሰዓት አልፈጀበትም፤ ሁለተኛው ሻንጣ እንኳ በደንብ አልሞላም። ለዚህች ሴት ነው ሠላሳ ሁለት ቤት የዞረው፣ መጋዙን ሊሸጥ የነበረው። የረሳሁት ካለ ብሎ ወጥ ቤቱን አየ፣ መሳቢያዎቹን ከፈተ፣ ከአልጋው ሥር ጎንበስ ብሎ ፈለገ። ምንም የለም። ከእሱ በቀር ያላት ሁሉ ሁለቱ ሻንጣ ውስጥ ገብቶ አልቋል። አነሳቸውና መውረድ ጀመረ።